የሚበሰብሰው የናኖ ክር ድጋፍ መቼ ቢጠፋ ነው ለነርቩ የሚበጀው?

ጠያቂ፦ ጀማሪ ፈታይ

የድኅረ ምረቃ ምርምሬን የምሠራው የተቆረጠ የዳርቻ ነርቭ ክፍተቱን ተሻግሮ እንዲያድግ በሚረዱና ሥራቸውን ሲጨርሱ በሰውነት ውስጥ በስብሰው በሚጠፉ የናኖ ክር ስካፎልዶች ላይ ነው። ክሮቹን የማወጣው በኤሌክትሮስፒኒንግ (የፖሊመር ፈሳሽን በከፍተኛ ቮልት ስቦ ክር በሚያደርግ ዘዴ) ሲሆን፣ 70 እጅ ፖሊካፕሮላክቶን (ዝግ ብሎ የሚበሰብስ ሰው ሠራሽ ፖሊመር) እና 30 እጅ ጄላቲን ፍሎሪን ባለው አልኮል ውስጥ አሟሙቼ፣ ፈሳሹ ከሲሪንጁ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ያህል እንዲወጣ አድርጌ፣ በመርፌው ጫፍና በሚሽከረከረው ሲሊንደር መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትቼ፣ 16 ኪሎ ቮልት እሰጠዋለሁ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ የክሮቹ ውፍረት ከ400 እስከ 800 ናኖ ሜትር ነው፤ አብዛኞቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለተኙ ማግ ያልገባበት ድር ይመስላሉ።

እስከዚህ ድረስ ደስተኛ ነበርኩ። ችግሩ የመጣው ከሚዛኑ ነው። 20 ሚሊ ግራም የሚመዝን ቁራጭ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ፎስፌት በፈር ውስጥ ነክሬ፣ በሳምንቱ አውጥቼ፣ አጥቤና በቫኩም አድርቄ ስመዝነው 14.5 ሚሊ ግራም ሆኖ አገኘሁት። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ፖሊካፕሮላክቶን ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል ይላሉ፤ የእኔው ግን በ7 ቀን ውስጥ ከክብደቱ ከሩብ በላይ ጥሏል። አማካሪዬ ውጤቱን አይተው «በዚህ አያያዙ ነርቩ ጉዞ ሳይጀምር ድልድዩ ይፈርሳል» አሉኝ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ የሴሎቹ ነገር ነው። በክሩ ምንጣፍ ላይ የዘራኋቸው የሽዋን ሴሎች (የነርቭ ክርን የሚሸፍኑና የሚደግፉ ሴሎች) ይጣበቃሉ፣ ይባዛሉ፣ በክሮቹ አቅጣጫም ይረዝማሉ፤ ሆኖም ምንጣፉን ቆርጬ በጎን ሳየው ሁሉም ከላይ ተደርድረው ቀርተዋል፤ ወደ ውስጥ የገባ አንድም የለም። ስካፎልድ ማለት ሴሎች ውስጡ ገብተው የሚኖሩበት ቤት ከሆነ፣ የእኔው ጣሪያው ላይ ብቻ የሚኖሩበት ቤት ሆኗል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው። ፖሊመሩን ልቀይርና ለምሳሌ ወደ ፒኤልጂኤ (ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ የሚሠራ ፖሊመር) ልሂድ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለነርቭ የሚሠራ ስካፎልድ በሳምንታት፣ በወራት ወይስ በዓመታት ውስጥ ነው መጥፋት ያለበት? አንዱ ጽሑፍ ቶሎ መጥፋትን ሲያወድስ ሌላው መቆየትን ያወድሳል፤ ሁለቱም ምክንያታቸውን በግልጽ አይናገሩም።

መልስ፦ ፖሊመር ቤት

በመጀመሪያ ስለ ሚዛኑ ላረጋጋዎት። የ20 ሚሊ ግራም 30 እጅ ስንት ነው? 6 ሚሊ ግራም ነው። እርስዎ ያጡት ደግሞ 5.5 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የሄደው ፖሊካፕሮላክቶኑ አይደለም፤ ጄላቲኑ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ጄላቲኑን በምን እንዳስተሳሰሩት (ሰንሰለቶቹን በኬሚካል እርስ በእርስ እንዳያያዙት) አንድም ቃል ስለሌለ፣ ምንም እንዳላደረጉበት እገምታለሁ። ያልተስተሳሰረ ጄላቲን በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ክሩ ውስጥ ከሌላ ፖሊመር ጋር መቀላቀሉ ብዙም አያድነውም። ከቀረው 14.5 ሚሊ ግራም 14ቱ ፖሊካፕሮላክቶን ሲሆን፣ እርሱ ከሞላ ጎደል ሳይነካ እንዳለ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ደግመው ቢመዝኑት እዚያው ላይ ቆሞ እንደሚያገኙት እጠብቃለሁ፤ እየበሰበሰ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ግን መቀነሱን ይቀጥል ነበር።

በግምት ብቻ እንዳይቀር በኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ ያረጋግጡ። የጄላቲን አሚድ ምልክቶች በ1650 እና በ1540 በሴንቲ ሜትር አካባቢ ይታያሉ፤ የፖሊካፕሮላክቶን ካርቦኒል ደግሞ በ1725 አካባቢ ጎልቶ ይወጣል። ከመንከርዎ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ማን እንደሄደና ማን እንደቀረ ክርክር አያስፈልገውም። ለማስተሳሰር ጄኒፒን ወይም ኢዲሲ ይጠቀሙ። የግሉታራልዴሃይድ ትነትም ይሠራል፤ ነገር ግን በደንብ ካልታጠበ ሴሎቹን ይገድላል፣ ከዚያም ጥፋቱን በስካፎልዱ ላይ ያላክካሉ። በነገራችን ላይ ጄላቲን መምረጥዎ ጥሩ ነው፤ ኮላጅን ቢሆን ኖሮ ፍሎሪን ያለው አልኮል የሦስት ገመድ ጥምዝምዙን በአብዛኛው ስለሚፈታው፣ በውድ ዋጋ የተገዛው ኮላጅን መጨረሻው ያው ጄላቲን ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። «በስባሽ» የምንለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል፤ ጀርም የሚበላው ያስመስለዋልና። በፖሊካፕሮላክቶንም ሆነ በላክቲክ አሲድ ፖሊመሮች ላይ የሚሆነው፣ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ የኤስተር ትስስሮችን አንድ በአንድ መቁረጡ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት መጀመሪያ በመካከሉ ይቆረጣል፤ ቁራጮቹ ግን አሁንም ረጃጅም ስለሆኑ በውሃ አይሟሙም፤ ስለዚህ ክብደቱ ምንም አይቀንስም። በመጀመሪያ የሚወርደው ሞለኪዩላዊ ክብደቱ ነው፤ ቀጥሎ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ክብደቱ የሚወርደው ከሁሉም በመጨረሻ ነው። በሚዛን ብቻ የሚመራ ሰው ክሩ ሲነኩት የሚሰባበር ከሆነ ከረጅም ጊዜ በኋላም «ገና አልጀመረም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ «በስንት ወር ይጠፋል?» ከሚለው ይልቅ «እስከ ስንት ወር ቅርጹን ይዞ ይቆማል?» ብለው ቢጠይቁ ወደ ዋናው ነገር ይደርሳሉ፤ ለዚህም የሰንሰለቱን ርዝመት የሚለካ ጄል ፐርሚየሽን ክሮማቶግራፊና የመጎተት ፈተና ያስፈልግዎታል።

በጥቅሉ ሲታይ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ እኩል የሆኑበት ፒኤልጂኤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ 75 ለ25 የሆነው ከአራት እስከ አምስት ወር፣ ኤል ላክቲክ አሲድ ብቻውን ሲሆን ከሁለት ዓመት በላይ፣ ፖሊካፕሮላክቶን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳሉ። እነዚህ ቁጥሮች እንደ መነሻ ሞለኪዩላዊ ክብደቱና እንደ ቅርጹ ይሰፋሉ፣ ይጠብባሉ። ቅርጹ በተለይ ብዙ ያስገርማል። ወፍራም የፒኤልጂኤ ግድግዳ ሲሆን፣ ሲቆራረጥ የሚለቀው አሲድ ከመሃሉ ቶሎ መውጣት ስለማይችል እዚያው ተከማችቶ መቆራረጡን ራሱ ያፋጥነዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና የሆነ ቱቦ ከውስጡ ተቦርቡሮ ይገኛል። ቀጭን ክር ሲሆን ግን አሲዱ ወዲያው ወደ አካባቢው ፈሳሽ ስለሚወጣ ይህ መፋጠን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ የአንድን ፖሊመር የመጥፊያ ጊዜ ከወፍራም ቁራጭ ላይ ወስደው በናኖ ክር ላይ እንዳለ አይለጥፉት።

ወደ ፒኤልጂኤ ከመቸኮልዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። የፒኤልጂኤ ክሮችን በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩና በማግስቱ ርዝመታቸውን ይለኩ። በመጎተት የተወጠሩ ሰንሰለቶች ለስላሳ ወደሚሆኑበት ሙቀት ሲጠጉ ይሸመቀቃሉ፤ ውሃው ደግሞ ያንን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። ብዙ ድካም የተደከመበት የክር አቅጣጫ በአንድ ሌሊት ሊጨማደድ ይችላል። ፖሊካፕሮላክቶን ክሪስታል ስለሚሠራ በዚህ ረገድ ታማኝ ነው።

መልስ፦ ሴል አሳዳጊ

ስለ ሴሎቹ እኔ ልመልስ። የሽዋን ሴሎች ከላይ መቅረታቸው የሚጠበቅ ነው። በጥብቅ የተነጠፈ የናኖ ክር ምንጣፍ ቀዳዳዎቹ ከሴሉ አካል በእጅጉ ያንሳሉ፤ ክሩ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ቀዳዳውም አብሮ ይጠብባል። ቀዳዳውን ለማስፋት የሚደረጉ ዘዴዎች አሉ፤ ለምሳሌ የሚታጠብ ክር አብሮ አውጥቶ በኋላ ማሟሟት አንዱ ነው፤ ነገር ግን ለነርቭ ሥራ ይህ ሁሉ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ነርቭ እንደ አጥንት በሁሉም አቅጣጫ የሚሞላ ህብረ ሕዋስ አይደለም፤ ገጽታን ተከትሎ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነው። ሴሎችዎ ጣሪያ ላይ መቅረታቸውን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ ጉድለቱ የቤቱ ፎቅ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየሰበሰቡ፣ ውፍረታቸው ከጥቂት ማይክሮ ሜትር የማያልፍ ስስ ንጣፎችን ይሥሩ፤ በመካከላቸው ክፍተት እየተዉ ይደርድሯቸው ወይም ላላ አድርገው ጠቅልለው ቱቦ ውስጥ ያስገቧቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፤ ቱቦውን አይጠቅጥቁት። ውስጡ በክር የታጨቀ ቱቦ ባዶ ከሆነው የባሰ እንቅፋት ይሆናል።

ክሩ ለምን እንደሚመራ ለመረዳት የተቆረጠ ነርቭ የሚሠራውን ማየት ይረዳል። ኦገስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ እንዳሳየው፣ ከቁርጡ ወዲያ ያለው የአክሶን (ከነርቭ ሴል የሚወጣው ረጅም ክር) ክፍል ይፈራርሳል። የሽዋን ሴሎቹ ግን አይጠፉም፤ ፍርስራሹን ከማክሮፋጆች (ፍርስራሽ ከሚበሉ የመከላከያ ሴሎች) ጋር ያጸዱና ተባዝተው በረድፍ ይሰለፋሉ። እነዚህ ረድፎች የቡንግነር ባንዶች ይባላሉ፤ አዲሱ አክሶን የሚጓዘውም በእነርሱ ላይ ነው። አቅጣጫ የያዘ ክር እንግዲህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚዘረጋውን ረድፍ ለመኮረጅ የሚደረግ ሙከራ ነው። ሮስ ሃሪሰን ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት የፅንስ ሴሎችን በሸረሪት ድር ላይ አሳድጎ ሴሎቹ ክሩን ይዘው እንደሚሄዱ አይቶ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ለነርቭ ግን አንዲት ነጠላ ድርም ትበቃዋለች።

ስለ ውፍረት ደግሞ፣ «ናኖ» የሚለው ስም እንዳይጋርድብዎት። በዶሮ ፅንስ የዶርሳል ሩት ጋንግሊዮን (በአከርካሪ አጠገብ ባለ የስሜት ነርቭ ሴሎች ጉብታ) በተሠራ ንጽጽር፣ ከ1 ማይክሮ ሜትር በላይ በሆኑ አቅጣጫ የያዙ ክሮች ላይ የበቀሉት የነርቭ ቅርንጫፎች 300 ናኖ ሜትር ገደማ በሆኑት ላይ ከበቀሉት ረዝመው ተገኝተዋል። መቅጠን በራሱ ግብ አይደለም። የእርስዎን 400 ወደ 1,000 ናኖ ሜትር ቢያሳድጉት የሚያጡት ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ለዚህም የፖሊመሩን መጠን በጥቂቱ መጨመር ይበቃል።

ጊዜን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይጥ ላይ በተሠሩ የሲሊኮን ቱቦ ሙከራዎች የታየውን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ። 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ባለው ባዶ ቱቦ ውስጥ መጀመሪያ ፈሳሽ ይሞላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ በሁለቱ ጉማጆች መካከል የፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ፕሮቲን) ገመድ ይዘረጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት የሽዋን ሴሎችና የደም ሥር ሴሎች ገመዱን ይዘው ይገባሉ፤ አክሶኖች ከኋላቸው ይከተላሉ። ክፍተቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን የፋይብሪን ገመዱ በአብዛኛው አይዘረጋም፤ ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ይቀራል። የእርስዎ ክሮች የሚፈለጉት ለዚህች ሰዓት ነው። ያልመጣውን የፋይብሪን ገመድ ተክተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴሎቹን ካሻገሩ፣ ሴሎቹ የራሳቸውን ላሚኒንና ኮላጅን (ሴሎች የሚይዟቸውን ፕሮቲኖች) አንጥፈው መንገዱን የራሳቸው ያደርጉታል።

መልስ፦ መርፌና ክር

እኔ የቀዶ ሕክምና ሰው ነኝ፤ ከላይ በተጻፈው ላይ የምጨምረው ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ የሚታየውን ነው።

ስካፎልዱ «ነርቩ እስኪደርስ» ይቆይ ሲባል ወዴት እስኪደርስ ማለት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አክሶን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል እንላለን። ክንድ ላይ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ነርቭ እስከ እጅ ጡንቻ 400 ሚሊ ሜትር ቢቀረው፣ ጉዞው ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስድበታል ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ቁጥር አይተው ስካፎልዱም አንድ ዓመት መቆየት አለበት ብለው ይደመድማሉ። ይህ ስሕተት ነው። ስካፎልዱ የሚያሻግረው ክፍተቱን ብቻ ነው፤ ከክፍተቱ ወዲያ ያለውን መንገድ የታካሚው የራሱ የሽዋን ሴል ረድፎች ይረከባሉ። ክፍተቱ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስሌቱ 30 ቀን ይላል፤ አክሶኑ ጉማጁን ለቆ እስኪነሣ የሚያባክነውን ጊዜና በቱቦ ውስጥ የሚገጥመውን መዘግየት ብንጨምር ጥቂት ወራት ይበቃሉ። ሁለት ዓመት የሚቆይ ግድግዳ ለነርቩ የሚያደርግለት ነገር የለም፤ ሊያጨናንቀው ግን ይችላል። የሲሊኮን ቱቦ የተተወበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ነርቩ ካለፈ በኋላ ተጭኖት ስለሚቀር ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይጠይቅ ነበር።

አጥብቄ የምናገረው የመድረሻውን ጊዜ ነው። ነርቭ አልባ የሆነ ጡንቻ ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈው ነርቩ ቢመጣለትም በሚገባ አይመለስም፤ ጥበቃ የረዘመባቸው የሽዋን ሴሎችም የመርዳት አቅማቸው እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በክፍተቱ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ሳምንት ከመጨረሻው ላይ የሚቀነስ ነው።

ተወዳዳሪዎ ማን እንደሆነም ይወቁ። ጫፎቹ ሳይወጠሩ የሚገናኙ ከሆነ በቀጥታ እንሰፋለን፤ ካልተገናኙ ከታካሚው እግር ሱራል የተባለውን የስሜት ነርቭ ወስደን እንተካለን። ታካሚው የእግሩ የውጭ ጠርዝ ይደነዝዝበታል፣ ቁስሉም ሁለት ይሆናል፤ ቢሆንም እስካሁን ከዚህ የተሻለ የለንም። ቴሚስቶክልስ ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1880 ካልሲየሙ በወጣለት አጥንት ቱቦ ሞክሯል፤ ሐሳቡ ይህን ያህል የቆየ ሆኖ ሳለ ዛሬም በገበያ ያሉት በስባሽ ቱቦዎች በአብዛኛው ከ3 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ክፍተት፣ ያውም ይበልጡን ለቀጫጭን የስሜት ነርቮች ነው የሚውሉት።

ወረቀት ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። በአይጥ ላይ ስንሠራ የተሰጠን አንድ በኤሌክትሮስፒኒንግ የተሠራ ቱቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። መርፌው ሲገባበት ግን የውጭው ንጣፍ ብቻ ከክሩ ጋር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ መጣ፤ የውስጡ ንጣፍ ነርቩ ላይ ቀረ። ሦስት ቱቦ እንዲሁ አበላሽተን አራተኛውን በጨው ውሃ ነክረን አለስልሰን፣ ከጫፉ ራቅ አድርገን እጅግ ቀጭን በሆነው 10 ዜሮ ክር ሰፋነው። ቱቦዎን ለቀዶ ሐኪም ከመስጠትዎ በፊት እርስዎ ራስዎ በመርፌ ይውጉት፤ እርጥብ ሆኖ ጎንበስ ያድርጉት፤ ቀዳዳው ሲታጠፍ ከተደፈነ መገጣጠሚያ አካባቢ አይሆንም። በውሃ ሲያብጥም ውስጡ ስለሚጠብብ፣ የውስጥ ስፋቱን ደረቅ ሳለ ብቻ ለክተው አይጻፉልን።

ጠያቂ፦ ጀማሪ ፈታይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፖሊመር ቤት እንዳሉት ኢንፍራሬዱን አሠራሁት፤ ከነከርኩት ቁራጭ ላይ የአሚድ ምልክቶቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፤ የካርቦኒሉ ግን እንዳለ ነው። አማካሪዬ አይተው ስቀው ዝም አሉ። አዲሱን ምንጣፍ በጄኒፒን አስተሳስሬዋለሁ፤ በማግስቱ ሳየው ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል፤ መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ልጥለው ነበር፣ በኋላ ግን ጄኒፒን ከአሚኖ ቡድኖች ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ቀለም መሆኑን አነበብኩ። ከሳምንት መንከር በኋላ የቀነሰው ክብደት አሁን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከመልሶቻችሁ ተነሥቼ እንዲህ አስቤያለሁ። የቱቦውን ግድግዳ ከላክታይድና ካፕሮላክቶን ጥምር ፖሊመር ሠርቼ ለጥቂት ወራት እንዲቆም አደርጋለሁ፤ ውስጡ የሚገቡትን ስስ ንጣፎች ደግሞ ቶሎ ከሚጠፋ ፒኤልጂኤ እሠራለሁ፤ ምክንያቱም ሥራቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ይህ አካሄድ ያስኬዳል? በተጨማሪም እስካሁን የማመክነው በ70 እጅ አልኮል አንድ ሌሊት በማሳደር ነው፤ ለእንስሳት ሙከራ ይበቃል?

መልስ፦ ተጠራጣሪው

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን በውስጠኛው ንጣፍ ላይ አልስማማም። ፒኤልጂኤ ቶሎ የሚጠፋው አሲድ እየለቀቀ ነው። ነጠላ ክር በሰፊ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን አሲዱ መውጫ ያገኛል የተባለው እውነት ነው፤ በተዘጋ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ግን ደርዘን ንጣፍ ተደርድሮ በአንድ ጊዜ መፈራረስ ሲጀምር ያ ሰፊ ፈሳሽ የት አለ? ፍርስራሹን ለማንሣት የሚመጡት ማክሮፋጆችም ለጋ አክሶኖች ሲያልፉ ነው የሚበዙት። ፖሊካፕሮላክቶን ቢዘገይም ጸጥ ብሎ ነው የሚዘገየው። ጥቂት ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ሁለት ዓመት ቢቆይ የሚይዘው ቦታ ኢምንት ነው፤ ነርቭን የሚያጨናንቀው የግድግዳው መቆየት እንጂ የውስጡ ስስ ክር መቆየት አይመስለኝም። ቶሎ መጥፋት ያለበት ግድግዳው ነው፤ እርስዎ ሊያደርጉ ያሰቡት የዚህን ተቃራኒ ነው። ቢያንስ ሁለቱንም ሠርተው ያወዳድሩ፤ የፈሳሹንም ፒኤች በየሳምንቱ ከቱቦው ውስጥ ይለኩ፤ ከዙሪያው ካለው ፈሳሽ አይቅዱት።

ስለ እንስሳት ሙከራው ሌላ ነገር ልበል። የአይጥ ነርቭ በጣም ቸር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተትን በባዶ ቱቦም ይሻገራል። በዚያ ርቀት ላይ «ስካፎልዴ ሠራ» የሚል ውጤት ስለ ስካፎልዱ የሚነግረን ጥቂት ነው። 15 ሚሊ ሜትር ይውሰዱ፤ ባዶ ቱቦን ከአንድ ወገን፣ የራሱን ነርቭ ተከላ ከሌላ ወገን ማነጻጸሪያ ያድርጉ። በእግር አሻራ በሚሰላው የሺያቲክ (የእግሩ ትልቅ ነርቭ) ተግባር መለኪያ ብቻም አይመኑ፤ አይጡ ጣቶቹን ከነከሰ ወይም መገጣጠሚያው ከተኮማተረ አሻራው ዋጋ የለውም። የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምላሽ፣ የጋስትሮክኒሚየስን (የባት ጡንቻ) እርጥብ ክብደትና የማይሊን (የአክሶን ሽፋን) ውፍረትን አብረው ያቅርቡ።

መልስ፦ ፖሊመር ቤት

ተጠራጣሪው ስለ አሲዱ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም ቀጭን ክር ብዬ ስጽፍ የተዘጋውን ቱቦ አላሰብኩትም ነበር። ግድግዳውን ጥምር ፖሊመር፣ ውስጡን በጄኒፒን የታሰረውን የፖሊካፕሮላክቶንና ጄላቲን ክር ያድርጉት፤ ያ አስቀድሞ በእጅዎ ስላለ አዲስ ነገር መማር አይጠበቅብዎትም።

ስለ ማምከኑ፣ 70 እጅ አልኮል የባክቴሪያ ስፖሮችን ስለማይገድል ለሴል ሥራ እንጂ ለሚቀበር ነገር አይበቃም። አውቶክሌቭን ፈጽሞ አያስቡት፤ 121 ዲግሪ ነው፣ ፖሊካፕሮላክቶን ደግሞ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሲከፍቱት ክሩ ጠፍቶ አንድ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ነው የሚያገኙት። የአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚደርሰው ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ የተደረደረ ንጣፍን አያመክንም። የጋማ ጨረር ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ግን ሰንሰለቶችን ስለሚቆርጥ የመጥፊያ ጊዜውን ያሳጥራል። ኤቲሊን ኦክሳይድ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሠራ ለእርስዎ የሚሻለው እሱ ነው፤ ሆኖም ጋዙ መርዛማ ስለሆነ በቂ ጊዜ ሰጥተው ያናፍሱት። የትኛውንም ቢመርጡ የክሩን አቅጣጫ፣ የመጎተት ጥንካሬውንና ሞለኪዩላዊ ክብደቱን ካመከኑ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ነርቩ ላይ የሚያርፈው የመከነው ክር ነውና ሰንጠረዥዎ ውስጥም የሚገባው የእርሱ ቁጥር ነው።